ወደ በረዶ አገር ልንሄድ የነበረበት ሁዳዴ

ባለፈው ሰሞን ካዛንቺስ፣ ድሮ የጭቃ ቤቶች ተደጋግፈው ከቆሙበት ቦታ ላይ የተተከለ አንድ ባለ መስተዋት ሕንፃ ምድር ቤት ያለ ሱፐርማርኬት ገባሁ። የገባሁት ሳሙና ልገዛ ነው። አንዲት ሠራተኛ የማቀዝቀዣውን ክዳን ከፍታ የዓሣ ካርቶን ስትደረድር፣ ነጭ ብርድ ከነዓሣው ሽታ ፊቴ ላይ ተነፈሰብኝ። መደርደሪያውን ይዤ ቆምኩ። ልጅቱ ደንግጣ "አባባ፣ ደህና ነዎት? ወንበር ላምጣልዎት?" አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። ምን ልበላት? በዚህ ሽታ ውስጥ የሰው ደም አለበት ልበላት? ሳሙናውንም ሳልገዛ ወጣሁ።

ሥጋ ሻጭ ነበርኩ። የደምሴ ሥጋ ቤት ሲባል ከካዛንቺስ መናኸሪያ እስከ ቂርቆስ የማያውቀው አልነበረም፤ ግማሹ ሰው በሥጋው ያውቀዋል፣ ግማሹ በእኔ ጠብ። ዘመኑ ኪሎ ሥጋ በአሥራ ስምንት ብር የሚሸጥበት፣ ከካዛንቺስ ሜክሲኮ በሳንቲም የሚኬድበት ነበር። ጎረምሶቹ ቦላሌ ሱሪያቸው አስፋልቱን እየጠረገ ካሴት ቤቱ በር ላይ ተደግፈው ይውላሉ። ካሴት ቤቱ ደግሞ አዲስ ነገር በወጣ ቁጥር ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ ያንኑ አንድ ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ሲጋግረው ይውላል፤ ማንም ሳይገዛው ሰፈሩ በሙሉ በቃሉ ይይዘዋል። ከሰሜን በኩል የጦርነት ወሬ ይመጣል፣ የአንዳንዱ ቤት ልጅ ይሄዳል፣ የአንዳንዱ ቤት ድንኳን ይጣላል። ስለ ፖለቲካው አትጠይቁኝ፤ ያኔም አልገባኝም፣ ዛሬም አልገባኝም።

እጄ ከአፌ ይቀድም ነበር። አንድ ደንበኛ አጥንት በዛብኝ ብሎ ሥጋውን ቢወረውርብኝ፣ ባንኮኒውን ዘልዬ መንጋጋውን ሰበርኩት። ከአንድ የቄራ ጫኝ ጋር በጠርሙስ ተፈነካክተን እኔ ዘጠኝ ቦታ ተሰፋሁ፣ እሱ ደግሞ ግማሽ ጆሮውን እዚያው ትቶ ሄደ። አንድ የታክሲ ሹፌር በሬ ላይ መኪናውን ስላቆመ ብቻ በመስኮቱ ጎትቼ አውጥቼዋለሁ። ሰፈሩ ይስቅ ነበር። "ደምሴንማ ሰው የሌለበት አገር ነው መውሰድ" ይሉ ነበር፤ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ያኔ ጠብ እንደ ጨዋታ ይወራል፤ ማን ማንን እንደጣለ፣ ማን ስንት ጥርስ እንደተፋ እየተቆጠረ ቢራ ይጠጣበታል። ቤቴ ውስጥ የሚሆነውን ግን ማንም አያወራውም።

ሚስቴን ጽጌን እመታት ነበር። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ እኔ ነኝ የማውቀው። በጥፊ፣ በቀበቶ፣ አንድ ጊዜ በምድጃ። ወጡ ሲቀጥን፣ ስትዘገይ፣ ዝም ስትል፣ ስትናገር። ጠዋት ፊቷን በሻሽ ሸፍና ወደ ጉልት ስትወርድ ጎረቤቱ ዓይኑን ወደ መሬት ይጥላል። አሁን ሰው "ሰይጣን አሳስቶኝ ነው" ሲል እሰማለሁ። እኔን ማንም አላሳሳተኝም። እየመታሁ እንደሆነ አውቅ ነበር፣ እያፈርኩ እመታ ነበር፣ ስላፈርኩ ደግሞ የባሰ እመታ ነበር።

ወርቅነህ የሱቁ ሸሪኬ ነው፤ ወርቁ ነው የምንለው። አሥራ ሁለተኛ የጨረሰ፣ ፈረንጅኛ የሚያነብ፣ ረጋ ያለ ሰው። ሥጋ ሲበልት እንኳ የሚያስታምም ነው የሚመስለው። የሠርጌ አንደኛ ሚዜም እሱ ነበር፤ በእኛ ወግ ደግሞ አንደኛ ሚዜ ለሙሽራዋ ወንድም ነው። የጽጌ እናት የሁለቱን አውራ ጣት አገናኝተው "ከዛሬ ጀምሮ ወንድሟ ነህ፤ ብትበደል አንተን ነው የምጠይቀው" ሲሉት ሰው እልል አለ። ስንት ሚዜ ይህን ምሎ በማግስቱ ይረሳዋል። ወርቁ አልረሳም። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ይዞብኝ መጣ። ሽማግሌዎቹ ጠጄን ጠጥተው፣ ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ብለው፣ "ቻይው ልጄ፣ ትዳር ነው" ብለዋት ሄዱ። አንድ ጊዜ ቄራ ወንድሟ ቤት ሸሸች። በመጥረቢያ በሩን ፈልጬ፣ ወንድሟን ግቢው ውስጥ ጥዬ፣ በክንዷ እየጎተትኩ መለስኳት። ከዚያ ወዲያ ጽጌ አንድ ነገር ገባት፦ ከእኔ መዳን ከፈለገች እኔ ሮጬ የማልደርስበት ቦታ መሄድ አለብኝ፣ እሷ ዕቃዋን ይዛ እስክትሰወር ድረስም እዚያው መቆየት አለብኝ። ይህን ከወርቁ ጋር ተማከረች። እኔ ይህን የሰማሁት ብዙ ቆይቼ ነው፤ እናንተ ግን ከአሁኑ እወቁት።

ኡላቭ የሚባል ሽማግሌ የኖርዌይ ሰው ነበር። የውኃ ጉድጓድ መሐንዲስ ነው፤ ከሱቃችን ጀርባ ቪላ ተከራይቶ ለዓመታት ኖረ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ጥሬ ሥጋ በሰናፍጭ ይበላል፣ ዓይኑ እንባ ያወርዳል፣ ይስቃል፣ ድገሙኝ ይላል። ከእሱ ጋር አንድ ቀን አልተጣላሁም፤ ምናልባት ስድቤ ስለማይገባው ይሆናል። አገሩ ከተመለሰ በኋላ በየዓመቱ ባለ ሥዕል ካላንደር ይልክልናል። በሌላው ሥጋ ቤት ግድግዳ ላይ ጻድቃንና ሰማዕታት ተሰቅለዋል፤ እኛ ጋ ደግሞ በረዶ። ከሰማይ የሚወርድ በረዶ አይደለም፣ ቆርቆሮ የሚበሳው የክረምቱን መች አጣነው። ይሄኛው ተራራ ለተራራ ተጋግሮ የተኛ፣ ከሩቁ ሰማያዊ የሚመስል ግግር ነው። ከሥሩ ባሕሩ በገደሎቹ መካከል ቀጥኖ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ፊዮርድ ይሉታል። ቤት የለም፣ ጭስ የለም፣ ሰው የለም። ደንበኞቻችን ሥጋቸውን እየጠበቁ "ይሄ ጨው ነው ስኳር?" እያሉ ይቀልዱብናል።

አንድ ዓመት፣ ሁዳዴ ሊገባ ወራት ሲቀሩት፣ ወርቁ "ለምን አንሄድም?" አለኝ። ሥጋ ሻጭ እረፍት የሚያገኘው በሁዳዴ ነው፤ ሃምሳ አምስት ቀን ሱቁ ይዘጋል፣ መንጠቆዎቹ ታጥበው ባዶአቸውን ይንጠለጠላሉ፣ ቢላዎቹ ሞራ ተቀብተው በጆንያ ተጠቅልለው ከቆጥ ላይ ይሰቀላሉ፤ እስከ ቀዳም ስዑር የሚነካቸው የለም። ኡላቭ ጻፈልን፤ የእንጨት ጎጆ እንዳለው፣ ከግግሩ ሥር እንደሆነ፣ ቅርቡ ጎረቤት በጀልባ ግማሽ ቀን እንደሚያስኬድ፣ በክረምታችን ብንመጣ እንደሚሻል፣ በሁዳዴያችን ወራት ግን መንገዱ ሁሉ በበረዶ የተዘጋ እንደሆነ። ክረምት ላይ ሱቅ ዘግቶ የሚሄድ ሥጋ ሻጭ የት ይገኛል? በሁዳዴ ካልሆነ አንመጣም ብለን መለስን። ሽማግሌው ተስፋ ቆርጦ "እንግዲያው ወፍራም ካልሲ ያዙ" ብሎ ጻፈ። አገሩ በበረዶ ተቆልፎ ሳለ በጾም እናቋርጣለን ያሉ የካዛንቺስ ሥጋ ሻጮች እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

ታዲያ ያ ማቀድ እንዴት ይጣፍጥ ነበር። ከሰዓት በኋላ የሱቁን በር ገርበብ አድርገን፣ ሥጋ የምንሰብርበት ግንድ ላይ ካርታውን ዘርግተን እንቀመጣለን። ወርቁ በእርሳስ መንገዱን ያሰምራል፦ በአውሮፕላን እስከ ዋና ከተማቸው፣ በባቡር አንድ ቀን፣ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን፣ ከዚያ ፊዮርዱን በጀልባ፣ ከዚያ በእግር ሦስት ቀን ከግግሩ ጥግ ጥግ። ድልድይ የሌለበትን ወንዝ እንዴት እንደምንሻገር ተከራክረናል። ስንቁን ቆጥረናል፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ደረቅ እንጀራ፣ ስኳር። ከመርካቶ ልባሽ ጨርቅ ተራ የወታደር ቡትስ ገዛን፤ የእኔ አንዱ እግር ከሌላው ሰፋ ይላል። ኡላቭ ግግሩ ላይ የተሸፈነ ስንጥቅ ስላለ ሰዎች ወገባቸውን በገመድ ተሳስረው እንደሚሄዱ ጽፎልን ነበር፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ተረከዙን ተክሎ ይይዘዋል። እኛም የበግ መጎተቻ ገመድ ወገባችን ላይ አስረን ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በታች ያለውን ቁልቁለት በጭቃ እንወርዳለን። አንዴ እኔ ሆን ብዬ ወደቅሁ፤ ወርቁ ተረከዙን ተክሎ ያዘኝ። ሰፈሩ በሳቅ ሞተ። ቤተስኪያን ሳሚ ባልቴቶች "ሁዳዴው አናታቸው ላይ ወጣ" አሉ። በሕይወቴ እንደዚያ የሳቅሁበት ቀን የለም።

ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር ነበረኝ። እኔ ያን አገር የፈለግሁት ለማየት አልነበረም። የሚመታ ሰው የሌለበት ቦታ ስድስት ሳምንት ብቀመጥ፣ እጄ ልማዷን ትረሳለች ብዬ ነው። ሥዕሉ ፊት ብቻዬን ቆሜ "እዚያ ሄደህ ሌላ ሰው ሆነህ ትመለሳለህ" እለው ነበር ራሴን። ለጽጌ ልነግራት ፈልጌ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ጽጌ ደግሞ ወፍራም ሹራብ ትሠራልኝ ነበር፤ ዓይኗ ሥር በልዞ ሳለ ሹራቡን ጀርባዬ ላይ ለክታ "ስንት ሳምንት ነው አልክ?" ትለኛለች። ስድስት እላታለሁ። "ሰባት ብታደርጉትስ? እስከዚያ ከሄዳችሁ አይቀር" ትላለች። እኔ ሞኙ፣ ወደደችኝ አልኩ።

ፓስፖርታችንን ይዞ ኤምባሲ የሚመላለሰው ወርቁ ነበር። ሁዳዴው በገባ በሳምንቱ መልሱ ሰኞ ነው አለኝ፣ ሰኞ ሲደርስ ለሐሙስ ተባልን አለኝ። በዚያው ሳምንት ከኡላቭ ጥቅል መጣ፦ መንገድ ላይ የምንበላው፣ እንደ ማገዶ የደረቀ ዓሣ። ኤምባሲው መልስ ይሰጣል በተባለበት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ሱቁ ውስጥ ሆኜ ዓሣውን ለመቅመስ ስታገል ነበር። በእጅ አልሰበር አለኝ። ስለዚህ ከቆጥ ላይ ጆንያውን አውርጄ ትልቁን ቢላ ፈታሁ፤ በሁዳዴ ቢላ ስፈታ ያ የመጀመሪያዬም የመጨረሻዬም ነው። ሱቁ ጨለም ብሏል። ወርቁ ከፀሐዩ ወደ ውስጥ ሲገባ ዓይኑን እያጨናበሰ ነበር።

መልሱን ጠየቅሁት። እሱ ግን ዓሣውን አሸተተና "ጾሙን በዚህ ልትገድፈው ነው?" አለኝ። ዓሣ ጾም አይገድፍም አልኩት፤ ይህን ክርክር ሃያ ጊዜ ተከራክረን እየሳቅን የተለያየንበት ነው። ያን ቀን ግን ወርቁ አልሳቀም። መናፍቅ አለኝ። ሆዳም አለኝ። የእኔ ቤት ሥጋ ሁልጊዜም ከሃይማኖት በላይ ነው አለኝ። ረጋ ያለው ሰው፣ ሲሳደብ ሰምቼው የማላውቀው ሰው፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ይሰድበኛል። ተው ወርቁ አልኩት። ሁለተኛ ተው አልኩት፤ ለእኔ ይህ ትልቅ ትዕግሥት ነበር። ከዚያ አንድ እርምጃ ቀረብ ብሎ "እናትህም በሁዳዴ መረቅ ጠጥታ ነው የሞተችው" አለኝ።

እናቴ ታማ ሳለች ሐኪሙ የሥጋ መረቅ አዘዘላት። በጾም አልቀምስም አለች። እኔ የምስር ውኃ ነው ብዬ አታልዬ፣ አንገቷን ደግፌ በማንኪያ አጠጣኋት። በሦስተኛው ቀን ሞተች። ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ወርቁ ከየት እንደሰማው ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረኝም፤ እጄ ተነሣች። ቢላው ውስጧ ነበር። ወርቁ ፊቱን ሊከልል ቀኝ እጁን አነሣ፣ ቢላው የቀለበት ጣቱንና ትንሿን ጣቱን ከሥራቸው ቆርጦ ትከሻው ላይ አረፈ። አልጮኸም። እጁን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ካርታው ላይ በደረቱ ተደፋ። ደሙ ግንዱን ሞልቶ በእግሩ በኩል ሲወርድ፣ ስንት በሬ የሰበርኩበት ግንድ ላይ መሆኑን እያየሁ ቆሜያለሁ። ሁለቱ ጣቶች ከዓሣው አጠገብ ነበሩ። ሰው ደረሰ። የሰፈሩ ወንዶች አውጥተው መንገድ ላይ በዱላና በድንጋይ ቀጠቀጡኝ፤ ሦስት የጎን አጥንቴ ተሰበረ። ፖሊስ ባይደርስ ይገድሉኝ ነበር፤ ቢገድሉኝም አልከስሳቸውም።

ፍርድ ቤት ወርቁ እጁ ተጠቅልሎ ቀረበ። ቢላውን ሊወጋኝ አላነሣውም፣ ቀድሞውንም በእጁ ነበር ብሎ መሰከረልኝ። ሁለት ዓመት ተፈረደብኝ። ጽጌ አንድም ቀን ልትጠይቀኝ አልመጣችም። ተፈትቼ ስመጣ ቤቱ ባዶ ነው፤ ሹራቡ ብቻ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ወንድሟ ከደጁ ሳያሳልፈኝ ሁሉንም ነገረኝ፦ ጉዞው ከመጀመሪያው ለጽጌ መሸሻ የታቀደ እንደነበር፣ እኔ እስር ቤት ስገባ እሷ በማግስቱ እንደሄደች፣ ወዴት እንደሆነ እንደማይነግረኝ። ያን ጊዜ ለበቀል የማልሮጥ ሆኜ አይደለም። የምሮጥበትን አቅጣጫ ስላላወቅሁ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይላሉ፤ እኔ ግን የወጋሁትን አንድም ቀን አልረሳሁም። እስር ቤት ውስጥ ስንቱን ተደባድቤያለሁ፤ ከወጣሁ ወዲህ ግን ሰው አልመታሁም። ዳንኩ ማለቴ አይደለም።

ወርቁን ለዓመታት አላየሁትም። ባቡሩ መስቀል አደባባይ መመላለስ በጀመረ ሰሞን፣ ሐኪም ተራመድ ስላለኝ ጠዋት ጠዋት ሯጮቹ መካከል ደረጃውን ቀስ እያልኩ እወጣለሁ። አንድ ጠዋት ከላይ የሚወርድ ነጭ ፀጉር ያለው ሰው የብረቱን መደገፊያ በሦስት ጣት ይዞ አየሁ። አወቀኝ። ሊያልፈኝ ይችል ነበር፤ አላለፈኝም። ተቃቅፈን አለቀስን አልላችሁም። ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፣ ስለ ደም ግፊት አወራን፣ ሱቃችን የነበረበት ፈርሶ ፎቅ እንደሆነ አወራን። ከዚያ ይቅርታ ልጠይቀው ስጀምር አቋረጠኝ።

"ተወው ደምሴ" አለኝ። "ቪዛውን ከልክለውን ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ነው የነገሩኝ።"

አልገባኝም። ቀጠለ። ጽጌ ዕቃዋን ጠቅልላ ነበር አለ፤ ጉዞው ቀረ ስላት ግድግዳውን ይዛ ተንሸራትታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች አለ። ከዚያ ሁለቱ መከሩ። ወርቁ፣ ደምሴ በጥፊ ከመታኝ እከስሰዋለሁ አላት፤ ለጥፊ ሦስት ቀን ጣቢያ ይይዙታል፣ ለእሷ ሦስት ቀን ይበቃታል። ሁዳዴ ስለሆነ ቢላዎቹ ቆጥ ላይ ናቸው፣ ከጥፊ አያልፍም ብሎ ነው የገባው።

"ቢላ ፈትተህ ትጠብቀኛለህ ብዬ መቼ አስቤ" አለኝ። ተቆጥቶ አልነበረም። የተሳሳተ ሒሳቡን የሚያስረዳ ነበር የሚመስለው።

ያች የድሮዋ ነገር ደረቴ ውስጥ ስትነሣ ተሰማኝ። ሁለቱ ተቀምጠው እንደ በሬ ብልቴን ለይተው የት ጋ እንደምበረገግ አጥንተውኛል። ሁለት ዓመት ታስሬያለሁ። ቀኝ እጄ ተጨበጠች፤ ወርቁ አያት፣ ከቦታው ግን አልተነቃነቀም። እጄን ከጭኔ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩባት። ሯጮቹ እያለከለኩ በአጠገባችን ያልፋሉ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት። ስለ እናቴ ማን ነገረህ አልኩት።

ወርቁ ወደ አደባባዩ እያየ መለሰልኝ። "ጽጌ ናት። ምን ብለው ነው የሚነሣው ስላት፣ ሌላውን ሊታገሥ ይችላል፣ ስለ እናቱ ካልከው ግን ራሱን መግዛት አይችልም አለችኝ። እንዴት አወቅሽ አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።"

ጽጌ እንደነገረችው ሳልጠይቅም እጠረጥር ነበር፤ እንዴት እንዳወቀች ግን ለወርቁ አልነገርኩትም። የመረቁን ነገር በዓለም ላይ የነገርኩት ለጽጌ ብቻ ነው፤ እሷም አንድ ቀን ብቻ፣ ምሬቷ ገንፍሎ፣ መልሳ ፊቴ ላይ ተናገረችው። ይህን በተናገረችበት ዕለት ጠዋት የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ማታ፣ ከእጄ በኋላ፣ ነፍሰ ጡር አልነበረችም።